አንድ የትምህርት ዓመት በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ፦ ከማመልከቻ እስከ ክሬዲት ማስያዝ

በዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ መሀል አንድ ዓመት በሌላ አገር ለመማር ያሰበ ተማሪ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ቪዛ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ማደሪያ ነው። ጭንቀቱ አግባብ ነው፤ ይሁን እንጂ እነዚህ ነገሮች ሲጓደሉ ወዲያው ስለሚታወቅ ማንም ይሯሯጥላቸዋል። ሳይታወቅ ቆይቶ ዓመቱን የሚያባክነው በውጭ አገር የተወሰደው ኮርስ ተማሪው ሲመለስ ሳይያዝለት መቅረቱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች በሰፊው የተነገረው ስለ ኮርስና ስለ ክሬዲት ነው።

በመጀመሪያ የሚሄዱበትን መንገድ መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው መንገድ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች በተፈራረሙት የልውውጥ ስምምነት መሄድ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ተማሪው የትምህርት ክፍያውን እንደ ወትሮው ለላኪው ዩኒቨርሲቲ ይከፍላል እንጂ ተቀባዩ አያስከፍለውም። እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረውና ዛሬ ኢራስመስ ፕላስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት መርሐ ግብር በዚህ መንገድ የሚሠራ ሲሆን፣ ከኅብረቱ ውጭ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችንም ያሳትፋል። ሁለተኛው መንገድ ያለ ስምምነት በግል አመልክቶ እንግዳ ተማሪ መሆን ነው። ምርጫው ይሰፋል፤ ነገር ግን ክፍያው በሙሉ በተማሪው ላይ ይወድቃል፣ ክሬዲቱ እንዲያዝለት የሚከራከርለት ቢሮም ላይኖር ይችላል። ምርጫ ላለው ሰው የመጀመሪያው ይሻላል ባይ ነኝ። በመሆኑም ቀድሞ መሄድ ያለበት ወደ ራሱ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ግንኙነት ቢሮ ነው፤ እዚያም ስምምነቶቹ የትኞቹን ትምህርት ክፍሎች እንደሚመለከቱ መጠየቅ አለበት፤ ብዙዎቹ የሚፈረሙት ለመላው ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በትምህርት ክፍሎች መካከል ነውና።

ዝግጅቱ ከጉዞው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቢጀመር አይበዛም። የትምህርት ዘመን በየአገሩ ይለያያል፤ በጀርመን የክረምቱ ሴሚስተር ትምህርት በአብዛኛው በጥቅምት ይጀምራል፣ በጃፓን ዘመኑ የሚከፈተው በሚያዝያ ነው፣ በአውስትራሊያ ደግሞ የመጀመሪያው ሴሚስተር በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት ገደማ ይገባል (ወሮቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተማሪው የተቀባዩን የፈተና ሳምንት ከላኪው የምዝገባ ቀን ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ካላየ፣ ፈተናው ሳያልቅ የራሱ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሊጀምርበት ይችላል። የቋንቋ ፈተናም ጊዜ አለው፤ የአይኤልትስና የቶፍል ውጤት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ ነው። የትምህርት መርሐ ግብሩ በእንግሊዝኛ ይሰጣል ተብሎ ቢጻፍ እንኳ የተመረጠው ኮርስ በዚያው ቋንቋ መሰጠቱን ለየብቻ ማረጋገጥ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በአውሮፓ የክሬዲት ሥርዓት የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት 60፣ የአንድ ሴሚስተር ደግሞ 30 ክሬዲት ሲሆን፣ 1 ክሬዲት የግል ጥናትን ጨምሮ ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚወስድ ሥራን ይወክላል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግን የተለመደው የዓመት ጭነት 30 ክሬዲት ገደማ ስለሆነ፣ ብዙ ሬጅስትራሮች ሁለቱን አውሮፓዊ ክሬዲት እንደ አንድ ይቆጥራሉ። ይህን ያልተረዳ ተማሪ ባለ 5 ክሬዲት የሆኑ አራት ኮርሶችን ይዞ «ሞልቶልኛል» ብሎ ይቀመጣል፤ ቁጥሩ ግን 20 ነው፣ ለሴሚስተሩ 10 ይጎድለዋል።

ኮርሶችን ሲያመሳስሉ በርእሳቸው መታለል አይገባም። «ኢኮኖሜትሪክስ» (የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ የሚመረምር ትምህርት) የሚል ኮርስ በአንዱ ዩኒቨርሲቲ ሪግሬሽንን፣ ማለትም በተለዋዋጮች መካከል ያለውን ግንኙነት የሚለካውን ስሌት፣ ከመሠረቱ ሲያስተምር፣ በሌላው ያንን እንደሚታወቅ ቆጥሮ ከዚያ በላይ ሊጀምር ይችላል። መነጻጸር ያለበት የኮርሱ ዝርዝር ነው፦ በየሳምንቱ የሚሸፈኑት ርእሶች፣ የክፍል ሰዓቱ፣ አስቀድሞ መወሰድ ያለበት ኮርስና የምዘናው ዓይነት። የሁለቱን ዩኒቨርሲቲዎች ዝርዝር አያይዞ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ማቅረብ በቃል ከማስረዳት እጅግ ይበልጣል። በራሱ ዩኒቨርሲቲ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥና ለመመረቂያው ዓመት ኮርሶች መሸጋገሪያ የሆነ ኮርስ ካለ፣ እሱን በውጭ ለመተካት ከመሞከር ከጉዞው በፊት ወስዶ መጨረስ ይሻላል፤ ለውጭው ዓመት የሚመቹት የምርጫ ኮርሶች ናቸው።

የትኛው ኮርስ የትኛውን እንደሚተካ የተደረሰበት ስምምነት የሚሰፍረው በትምህርት ስምምነት ሰነድ ላይ ነው። ሰነዱ ሁለት ሰንጠረዦች አሉት፤ በአንደኛው ተማሪው በተቀባዩ ዘንድ የሚወስዳቸው ኮርሶች ከነመለያ ቁጥራቸውና ክሬዲታቸው ይዘረዘራሉ፣ በሌላው እነዚያ ኮርሶች በላኪው ዘንድ የሚተኩት ይጻፋል። ከሥር ተማሪው፣ ላኪውና ተቀባዩ ይፈርማሉ። ሁለተኛው ሰንጠረዥ ባዶ ሆኖ የተፈረመ ሰነድ ተማሪው እንደሚማር እንጂ የተማረው እንደሚያዝለት አያረጋግጥም።

እኔ ራሴ በዚህ ላይ ተሰናክያለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ወደ ክፍል ስሄድ በሩ ላይ ኮርሱ የተመዝጋቢ ቁጥር ስላልሞላ መሰረዙን የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። በዚያው ቀን ሌላ ኮርስ መርጬ መምህሩን አስፈቅጄ ገባሁ፣ በጥሩ ውጤትም ጨረስኩት። ስመለስ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ትራንስክሪፕቱን ከሰነዱ ጋር እያስተያየ በእርሳስ ምልክት አደረገና «ይህ ኮርስ እዚህ ላይ የለም» አለኝ። ትክክል ነበር፤ ለውጡን ያሳወቅኩት ለመምህሩ ብቻ ነበር። ያንን ኮርስ በቀጣዩ ሴሚስተር እንደገና ተማርኩት። ስለዚህ ኮርስ በተቀየረ ቁጥር፣ የማስተካከያው ጊዜ የሴሚስተሩ መጀመሪያ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሆነ፣ የተሻሻለውን ሰነድ ወዲያው ለሁለቱም ወገን ልኮ የማጽደቂያ ኢሜይላቸውን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

የውጤት አተረጓጎምም ከመሄድ በፊት መታወቅ አለበት። በጀርመን 1.0 ከሁሉ የላቀ፣ 4.0 ዝቅተኛው ማለፊያ ነው፤ በፈረንሳይ ከ20 ይታረማል፣ 10 ያሳልፋል፣ 16 ደግሞ «እጅግ በጣም ጥሩ» ይባላል። ይህን የማያውቅ ዓይን 14ን ከ20 አይቶ እንደ መካከለኛ ሊቆጥረው ይችላል። ላኪው የሚጠቀምበትን የመለወጫ ሰንጠረዥ፣ ወይም ኮርሱን «አልፏል» ብሎ ብቻ የሚመዘግብ መሆኑን፣ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

ስለ ገንዘብ የሚባለው አጭር ነው፦ ልውውጥ የሚያስቀረው የትምህርት ክፍያን እንጂ የቤት ኪራይን፣ የጤና መድንንና የአውሮፕላን ቲኬትን አይደለም። የሥራ ገቢን መተማመኛ ማድረግም አደገኛ ነው፤ አገሮች የተማሪን የሥራ ሰዓት ይገድባሉ፣ ቪዛ ሰጪዎችም በቂ ገንዘብ መኖሩን አስቀድመው ማየት ይፈልጋሉ። ወደ አሜሪካ በልውውጥ የሚሄዱ ብዙዎች የሚይዙት ጄ 1 ቪዛ ሲሆን፣ ለቃለ መጠይቅ ከመቅረባቸው በፊት ዲኤስ 2019 የተባለው ቅጽ ሊደርሳቸው ይገባል። ይህ ቅጽ የሚመጣው ተቀባዩ የገንዘብ ማስረጃውን ከመረመረ በኋላ ነው።

ከደረሱ በኋላ የአድራሻ ምዝገባ፣ የመድንና የባንክ ጉዳይ የመጀመሪያውን ሳምንት ይወስዳሉ። ብዙ እንግዳ ተማሪ የማይጠብቀው ግን ለኮርስ መመዝገብና ለፈተና መመዝገብ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። በብዙ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ሴሚስተሩን ሙሉ ክፍል የተከታተለ ተማሪ ለፈተናው በተወሰነው ቀን ካልተመዘገበ ሊፈተን አይችልም፤ ቀኑም ከፈተናው ሳምንታት ቀድሞ ሊያልፍ ይችላል።

ከመመለስ በፊት የቤተ መጻሕፍት መጻሕፍትን መልሶ፣ ቀሪ ክፍያ ካለ ከፍሎ ክሊራንስ መጨረስ ያስፈልጋል፤ ባልተመለሰ አንድ መጽሐፍ ምክንያት ትራንስክሪፕት ሊታገድ ይችላልና። ትራንስክሪፕቱ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ማን ለማን በምን መንገድ እንደሚልከው በስም ይዞ መውጣት ይበጃል። የኮርስ ዝርዝሮች፣ የተሠሩ ጽሑፎችና የታረሙ ፈተናዎችም አይጣሉ። ሬጅስትራሩ ዘንድ ሰነዱን አስረክቦ መሄድ ብቻውን አይበቃም፤ ኮርሶቹ በራሱ ዩኒቨርሲቲ የውጤት መዝገብ ላይ አንድ በአንድ ሰፍረው እስኪያይ ድረስ ተማሪው የተፈረመውን ሰነድ ዋናውን ከእጁ ማውጣት የለበትም።