ኔትወርክ ሲጠፋ ጽሑፌ አብሮ እንዳይጠፋ

ደብረ ብርሃን ላይ ኔትወርኩ ደህና ነው፤ ወደ አንኮበር ስሄድ ግን ይቆራረጣል። ብሎጌ ላይ በቀጥታ ስጽፍ፣ "አስቀምጥ" ስለው ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከዚያ ጽሑፉን ውሃ በላው። አሁን ተገላገልኩ። ዳታ አጥፍቼ ስልኬ ማስታወሻ ላይ እጽፋለሁ፣ ኔት ሲመጣ ኮፒ ፔስት። የሚከብደው ፊደሉ እንዳይመስላችሁ፦ በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተርና ስልክ ፊደልን በሚያስቀምጡበት ዘዴ) አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ነው፣ ሺህ ፊደል ቢሆን 3 ኪሎባይት ገደማ። ጉዱ ፎቶው ጋ ነው። ገደል አፋፍ ላይ ያነሳሁት ጭላዳ ብቻውን 4 ሜጋባይት ነበር! ስፋቱን ወደ 1200 ፒክስል ዝቅ አድርጌ በጄፔግ ሳስቀምጠው 200 ኪሎባይት አካባቢ ሆነ፤ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት እንኳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወዲያው ገባ። አንድ የመንዝ ሰው ደግሞ "እኛ ጋ ያሉት የጓሳ ጭላዳዎች ይበልጣሉ" ብሎ ጻፈልኝ፤ ክርክሩ ገና አላለቀም።