ጸጥ ያለውን የጣና ዳር በውሃ ቀለም እንዴት እንደምንስል

ባሕር ዳር ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጣና ዳር የቆመ ሰው ያውቀዋል። ውሃው ነጣ ብሎ ተኝቷል፤ የክብራን ደሴት ዛፎች በጉም ውስጥ ጥላ ብቻ ሆነዋል፤ ዳር ላይ አንዲት የደንገል ታንኳ ቆማለች። ዛሬ የምንስለው ይህንኑ ነው።

ወረቀት ላይ አትቆጥቡ። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የውሃ ቀለም ወረቀት ግዙ፤ የደብተር ወረቀት ውሃ ሲነካው ይሸበሸባል። ቀለም ግን ሦስት ይበቃል፦ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ በርንት ሲዬና (ቀላ ያለ ቡናማ) እና የሎ ኦከር (አፈር የመሰለ ቢጫ)። ጥቁሩን ተዉት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲደባለቁ የሚወጣው ግራጫ ይሻላል፤ ሰማያዊው ሲበዛ ጉም፣ ቡናማው ሲበዛ እርጥብ እንጨት ይመስላል። ወፍራምና ቀጭን ብሩሽ፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ (አንዱ መታጠቢያ ነው) እና ሶፍት አዘጋጁ።

ወረቀቱን ሰሌዳ ላይ በፕላስተር ለጥፉና እርሳሱን ሳትጫኑ ንደፉ። ውሃና ሰማይ የሚገናኙበትን መስመር ከመሃል ከፍ አድርጉት፤ መሃል ከዋለ ሥዕሉ ለሁለት የተቆረጠ ይመስላል።

ከታንኳዋ በስተቀር ወረቀቱን በሙሉ በንጹህ ውሃ አርጥቡ። መስመሩ አካባቢ ቀጭን የሎ ኦከር፣ ከላይና ከታች ደግሞ ግራጫ ሰማያዊ ልቀቁበት። ሰማዩንና ውሃውን ባንድ ትንፋሽ ጨርሱ።

አሁን ቁም ነገሩ መጠበቅ ነው። ወረቀቱን በአግድም እዩት፤ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ገና ነው። ብልጭታው ጠፍቶ በእጅ ጀርባ ሲነካ ቀዝቀዝ ካለ ደሴቱን በወፈር ያለ ግራጫ አሳርፉ፤ ጠርዙ በራሱ ጊዜ ይደበዝዛል። አትመለሱበት። እኔ አንዴ ላሳምር ብዬ ውሃ የጠገበ ብሩሽ መለስኩበትና ሻይ የፈሰሰበት ጨርቅ የመሰለ እድፍ ቀረ። ክብራን ላይ ዝናብ ዘንቧል ብዬ አለፍኩት።

ሁሉም ሲደርቅ (የፀጉር ማድረቂያ ፎን ካላችሁ ተጠቀሙ) ወደ ታንኳዋ ግቡ። ደረቁን ደንገል በየሎ ኦከር፣ ውሃ የነካውን ሆዷን በቡናማው ቀቡ። የታሰረችበትን ገመድ በሦስት አራት ቀጭን መስመር ማሳየት ይበቃል። ነጸብራቋ ከሥሯ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ከራሷ ትንሽ ጠቆር ይበል። ቀለሙ ሳይደርቅ በእርጥብ ንጹህ ብሩሽ አንድ አግድም መስመር ጠርጋችሁ በሶፍት አንሱለት፤ ውሃው ይታያል።

ሰው አትሳሉባት፤ መቅዘፊያውን ብቻ ውስጧ አጋድሙት። ፍንትው ያለ ጠርዝም ከታንኳዋ ውጭ የትም አይኑር። የልጅነት ቤታችሁን ስታስቡ የበሩ መዝጊያ ቁልጭ ብሎ ይታያችሁ ይሆናል፣ ግድግዳው ግን ጉም ነው። ትዝታ ወደ ሥዕሉ የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

የውሃ ቀለም ሲደርቅ ስለሚፈዝ በማግስቱ ደግማችሁ እዩት፤ ከታንኳዋ ሆድ ሥር ጥላ ካነሰ ጨምሩበት። ፕላስተሩን ከዚያ በኋላ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ እየሳባችሁ ላጡት።