የግሬስ ማፕ ላይ ያለውን መስመር መስመር እንዴት እንዳጠፋሁት

ደሴ ቁጭ ብዬ የወሎን የውሃ ክምችት ከግሬስ (GRACE፣ የምድርን ስበት ለውጥ የሚለኩ ጥንድ ሳተላይቶች) ዳታ ላወጣ ስሞክር ሁለት ሳምንት ሙሉ ማፑ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ መስመር ብቻ ሆነብኝ፣ ወሎ ጨመረ ሲል ጎጃም ቀነሰ ይላል፣ ኮዴ የተበላሸ መስሎኝ ስንቴ ከመጀመሪያው ፃፍኩት። ለካ ኮዱ አልነበረም! ሁለቱ ሳተላይቶች (እስከ 2017 እ.ኤ.አ.) ወደ 220 ኪሎሜትር ተራርቀው በዋልታዎቹ በኩል እየተከታተሉ ነበር የሚዞሩት፣ የሚለኩት ደግሞ በመሃላቸው ያለውን ርቀት ስለነበር ሰሜን ደቡቡን በደንብ ይይዙት ነበር ምስራቅ ምዕራቡ ላይ ግን ደካማ ነበሩ፣ ስህተቱም ከፍ ያሉት ዲግሪዎች (የስበቱን ትንንሽ ዝርዝር የሚይዙት ቁጥሮች) ላይ ይከማቻል።

እና ምን አደረኩ፣ የብዙ አመት አማካዩን ከየወሩ ቀነስኩ፣ ሲ20ን (የምድርን ዋልታዎቿ ላይ ጠፍጠፍ ማለት የሚገልፀውን ቁጥር) ግሬስ በደንብ ስለማይለካው ከምድር በሌዘር በተለካው ቁጥር ተካሁት፣ ከዛ ዲስትራይፒንግ (መስመር መስመሩን የማውጣት ስሌት) ሰርቼ የ300 ኪሎሜትር ጋውሲያን ፊልተር (ዙሪያውን አማክሎ የሚያለሰልስ ማጣሪያ) ጫንኩበት። በቃ ጠፋ። የክረምቱ ውሃ መስከረም አካባቢ ከፍ ብሎ ቁልጭ ብሎ ወጣ፣ ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ግን የሐይቅ ከተማን ሐይቅ ብቻ ለይቼ አያለሁ ብላችሁ እንዳትለፉ፣ በዚህ ስፋት አይታይም። ፊልተሩ ሲግናሉንም ስለሚያዳክመው በስኬል ፋክተር (የተዳከመውን በሚመልስ ማባዣ ቁጥር) ማስተካከል አትርሱ።