ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚዘረጋ የምድር ውስጥ ባቡር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድን የከተማ ክፍል ከአውሮፕላን ማረፊያ ጋር የሚያገናኝ የምድር ውስጥ ባቡር መዘርጋት ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመታት ይጠይቃል። የመኪና መንገድ ቢጠብብ ይሰፋል፣ አቅጣጫው ቢበላሽ ይቃናል፤ አንዴ የተቆፈረን ዋሻ ግን ማንም አያዛውረውም። በመሆኑም በእቅድ ወቅት የተፈጸመ ስህተት ሥራው ተመርቆ የመረቁት ከተረሱ በኋላም ተሳፋሪውን ሲያንገላታ ይኖራል። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው በተለያዩ ከተሞች በተግባር የታዩ ናቸው፤ ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ተቀምጠዋል።

በጣም የተለመደው ስህተት የመስመሩን ብቃት በባቡሩ ፍጥነት ብቻ መመዘን ነው። ከሻንጋይ ፑዶንግ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣው በመግነጢስ ኃይል የሚንሳፈፍ ባቡር በ2004 መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር በሰዓት እስከ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከነፈ 30 ኪሎ ሜትሩን በ8 ደቂቃ አካባቢ ይጨርስ ነበር። ይሁን እንጂ ጉዞው የሚያበቃው መሀል ከተማ ሳይደርስ በሎንግያንግ ሮድ ጣቢያ ስለሆነ፣ መንገደኛው እዚያ ወርዶ ሻንጣውን እየጎተተ ሜትሮ (የምድር ውስጥ ባቡር) ወይም ታክሲ መያዝ ይኖርበታል። መንገደኛ ጊዜውን የሚቆጥረው ባቡሩ ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ ሳይሆን ሻንጣውን ከቤቱ ደጃፍ ካነሣበት ጀምሮ ለበረራ እስኪመዘገብ ድረስ ነው፤ እቅድ አውጪውም በዚሁ ሰዓት መቁጠር አለበት። ሁለት ጊዜ ባቡር ከሚያስቀይር ፈጣን መስመር ይልቅ ዝግ ብሎ በቀጥታ የሚያደርስ መስመር የተሻለ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሻንጣን መርሳት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ሕፃን ያዘለች እናት ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች ይዛ ወደ አንድ ጥልቅ ጣቢያ ስትገባ የሚገጥማትን እናስብ። ጠባቡ የቲኬት በር እርሷን አሳልፎ ሻንጣዋን ያስቀርባታል። ተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ አንዱን ሻንጣ ከፊቷ፣ ሌላውን ከኋላዋ አድርጋ በሁለት እጆቿ ትይዛቸዋለች፤ መደገፊያውን የምትጨብጥበት እጅ ግን አይተርፋትም። ሰፊ በሮች፣ ከመንገዱ ዳር ተነሥቶ እስከ ባቡሩ መሳፈሪያ ያለ ቅያሪ የሚያወርድ ሊፍት፣ ከባቡሩ ወለል ጋር እኩል የሆነ መሳፈሪያ፣ በባቡሩ በር አጠገብ የሻንጣ ማስቀመጫ፦ እነዚህ ከመነሻው በንድፉ ውስጥ ቢገቡ ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ብዙ አይከብዱም፤ ሊፍትን በኋላ ለመጨመር ግን እንደገና መቆፈር ግድ ይላል። በ1998 ሥራ የጀመረው የሆንግ ኮንግ የአውሮፕላን ማረፊያ ባቡር መንገደኛው ሻንጣውን ገና በከተማው ጣቢያ እንዲያስረክብ ማድረጉ ችግሩን ከሥሩ የነቀለ መፍትሔ ነበር።

እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳዝነኝ ግን መስመሩ የአየር መንገደኞች ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ነው። አብዛኛው መንገደኛ በዓመት አንድ ሁለቴ ብቅ ይላል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ሻንጣ ጫኙ፣ ጥበቃውና የምግብ ቤት አስተናጋጁ ግን ከዓመት እስከ ዓመት ይመላለሳሉ። ፈረቃቸው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እየጀመረ የመጀመሪያው ባቡር 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሣ ከሆነ መስመሩ ለእነርሱ እንደሌለ ይቆጠራል። የኮፐንሃገን ሜትሮ በ2007 አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ የዘለቀ ሲሆን ያለ ሹፌር፣ ሌሊትም ሳይቋረጥ ይሠራል፤ ለሌሊት ሠራተኛ ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። የቲኬት ዋጋም እንዲሁ በር ሊዘጋ ይችላል። ሲድኒ ውስጥ በ2000 ከኦሎምፒኩ በፊት በተከፈተው መስመር ላይ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ጣቢያዎች ብቻ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ባሉት የሠፈር ጣቢያዎችም ከመደበኛው ቲኬት በላይ ተጨማሪ የመግቢያ ክፍያ ይጠየቅ ነበር። ተሳፋሪው ከተገመተው እጅግ በታች ሆነ፣ መስመሩን የያዘው የግል ኩባንያም ብዙ ሳይቆይ ለኪሳራ ተዳረገ። በ2011 የክልሉ መንግሥት የሠፈሮቹን የግሪን ስኩዌርንና የማስኮትን ጣቢያዎች ክፍያ ሲያስነሣ ግን የሁለቱ ጣቢያዎች ተጠቃሚ በእጅጉ ጨመረ።

አውሮፕላን ማረፊያ እንደሚያድግ መዘንጋትም ዋጋ ያስከፍላል። የለንደኑ ፒካዲሊ መስመር በ1977 የሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ መሀል ተርሚናሎች ጋር ደረሰ። በ1986 አራተኛው ተርሚናል በደቡብ በኩል ሲከፈት ባቡሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞርበት ቀለበት ተጨመረ፤ በ2008 አምስተኛው በምዕራብ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ቅርንጫፍ ተቆፈረ። ስለዚህ ዛሬ ወደ አምስተኛው ተርሚናል የሚሄድ ሰው ባቡሩ ሲመጣ ፊቱ ላይ የተጻፈውን ሳያነብ ከተሳፈረ ራሱን አራተኛው ላይ ሊያገኘው ይችላል። የወደፊቱን ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ባይቻልም፣ የማስፋፊያ መሬቱ ወዴት እንደሆነ እየታወቀ ለቅርንጫፍ የሚሆን የዋሻ አፍ አለመተው ግን ስንፍና ነው።

ቁፋሮው ራሱ የሚጠይቀው ጥንቃቄ ሌላው ነው። በ1994 በዚያው በሂትሮው፣ ከለንደን መሀል ጋር ለሚያገናኘው ሌላ ፈጣን ባቡር ይቆፈር የነበረ ዋሻ ተደርምሶ ከላዩ የነበሩ ሕንፃዎች አብረውት ሰመጡ። ሰው አለመሞቱ ትልቅ ነገር ነበር። ምርመራው እንዳሳየው መሬቱ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን የሚጠቁሙ ልኬቶች ቀድመው ተገኝተው ነበር፤ እርምጃ ግን በጊዜው አልተወሰደባቸውም። ልኬቱን የሚያነበው መሐንዲስ ማንንም ሳያስፈቅድ ሥራ የማስቆም ሥልጣን ከሌለው መሣሪያው መተከሉ ብቻውን ማንንም አያድንም።

በመጨረሻም ባቡሩና ተርሚናሉ በአንድ ቀን ይደርሳሉ ብሎ መተማመን አይገባም። በበርሊን አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ከተርሚናሉ ሥር ያለው የባቡር ጣቢያ ዝግጁ ሆኖ ሳለ፣ በ2012 ይከፈታል የተባለው ተርሚናል የተከፈተው በ2020 ነበር። በመካከሉ በዋሻው ውስጥ አየር እንዲንቀሳቀስና እርጥበት ሻጋታ እንዳያበቅል ሲባል ብቻ አንድም ተሳፋሪ ያልያዙ ባቡሮች ይመላለሱ ነበር። ስለሆነም የሁለቱ ሥራዎች ውል ሲፈረም፣ ዋሻው ያለ ተሳፋሪ ቢቆይ የአየር ማናፈሻውን፣ የጥበቃውንና የጥገናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ መስፈር ይኖርበታል።