17ኛዋን ጉድጓድ እንዴት ተገላገልኳት

ጅማ ላይ ጎልፍ የምጫወተው ሰፈራችን ካለው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ተራ የሚጠብቁት ልጆች «ጋሼ፣ ይሄ ነገር አያልቅም እንዴ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። የስኮትላንዱ ሴንት አንድሩስ፣ ባሕር ዳርቻ ያለው ኦልድ ኮርስ የተባለ የጎልፍ ሜዳ፣ 17ኛ ጉድጓዱ በ4 ምት ማለቅ ሲገባው እኔን 7 እና 8 ሲያስመታኝ ከረመ።

አንደኛው ጥፋቴ ንፋሱ ከፊት ሲመጣ ጠንክሬ መምታቴ ነበር። ለካ በኃይል ሲመቱት ኳሱ ወደ ኋላ መሽከርከሩ ይብስበታል፤ ሽቅብ ይወጣና ንፋሱ መልሶ ይጥለዋል። አሁን በ7 ቁጥር ብረት (መምቻ ዱላ) ፈንታ 5 ቁጥር እይዝና የኃይል መለኪያው ሦስት አራተኛ ሲደርስ እለቃለሁ። ኳሱ ዝቅ ብሎ ይበርራል፣ መሬቱ ጠንካራ ስለሆነ የቀረውን ይንከባለላል።

ሌላው ስግብግብነት ነው። ጉድጓዱን የሚያሳየው ባንዲራ ከአሸዋው ወጥመድ ጀርባ ሲተከል በቀጥታ ወደ እሱ አነጣጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ጃፓናዊው የጎልፍ ተጫዋች ቶሚ ናካጂማ እዚያው አሸዋ ውስጥ ተቸክሎ ጉድጓዱን በ9 ነው የጨረሰው፤ እኔ ማን ነኝና! አልፎ የሄደ ኳስ ደግሞ ከኋላ መንገዱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ከግሪኑ (ጉድጓዱ ካለበት አጭር ሣር) ፊት፣ በቀኝ በኩል አሳርፌ በፓተር (ኳስ ማንከባለያው ዱላ) ቀስ አድርጌ ሽቅብ እገፋዋለሁ።

ትናንት ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ በ5 ጨረስኩ። አንዱ ልጅ ሳያጨበጭብ እጁን ለጆይስቲኩ ዘረጋ።