መጀመሪያ ከረጢቱን ፈልጉ፦ በባለ ከረጢት ቫኪዩም ክሊነር ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ሥራዬ የቤት ዕቃ ጥገና ነው። ወደ እኛ ከሚመጡት ባለ ከረጢት ቫኪዩም ክሊነሮች ብዙዎቹ በዕድሜ የደከሙ አይደሉም። አየር አጥተው የታፈኑ ናቸው።

ይህን ማሽን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። አቧራውን የሚስበው አየር ራሱ ነው ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው። አየሩ በብሩሹ ይገባል፣ በቧንቧውና በቱቦው ያልፋል፣ አቧራውን ከረጢቱ ውስጥ ጥሎ በከረጢቱ ግድግዳ ይወጣል። ከዚያ በፊልተር በኩል ሞተሩን አልፎ ወደ ቤት ይመለሳል። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ከተዘጋ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ይግላል። ቀጥሎ የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን መንገድ የሚዘጉ ናቸው።

ከረጢቱን ሳያዩ ማሽኑን መግዛት

ሱቅ ስትገቡ ሻጩ የሚያሳያችሁ ማሽኑን ነው። ቀለሙን፣ ጎማውን፣ ዋቱን። እናንተ ግን መጀመሪያ «መቀየሪያ ከረጢቱ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ይመጣል» ካሏችሁ «የለም» ማለታቸው ነው።

የእያንዳንዱ ሞዴል ከረጢት የራሱ አንገት አለው። ከካርቶን ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ቅርጹም የቀዳዳው ስፋትም ይለያያል። በትንሹ እንኳ ካልገጠመ አቧራው በጎን ያመልጣል። ከዱባይ የመጣ ወይም ዘመድ ከጀርመን የላከው ጥሩ ማሽን፣ አብረውት የመጡት ከረጢቶች ሲያልቁ ቁም ሣጥን ላይ ወጥቶ ይቀመጣል። እንዲህ ያሉ ማሽኖችን ብዙ ቤት አይቻለሁ።

ስለዚህ ከማሽኑ ጋር የዓመት ከረጢት አብራችሁ ግዙ። አንገቱ ላይ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንሱት። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ ከረጢት ቀላል ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። በምንም መንገድ የማታገኙት ከሆነ ግን ያለ ከረጢት የሚሠራውን ዓይነት ብትገዙ ይሻላችኋል። ባለ ከረጢቱን አጥብቄ የምመክረው አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው ላለበት ቤት ነው። ያለ ከረጢት የሚሠራው ጎድጓዳ ዕቃው ሲደፋ አቧራው መልሶ ፊት ላይ ይቦናል። ከረጢቱ ግን አፉ ተዘግቶ እንዳለ ይጣላል።

«ስንት ዋት ነው?» ብሎ መምረጥ

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 2000 ወይም 2400 ዋት ማሽኑ የሚበላው መብራት ነው። ምን ያህል እንደሚስብ አይነግራችሁም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2014 ጀምሮ ከ1600 ዋት በላይ የሚወስዱ የቤት ቫኪዩም ክሊነሮች ወደ ገበያው እንዳይገቡ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ገደቡን ወደ 900 ዋት አወረደው። አምራቾቹ የአየሩን መንገድና ብሩሹን አሻሽለው በዚያ ኃይል ምንጣፍ የሚያጸዳ ማሽን ሠሩ። ያው ሕግ ሞተሩ ቢያንስ 500 ሰዓት እንዲሠራ፣ ቱቦውም 40 ሺህ ጊዜ ተወዛውዞ እንዳይበላሽ ይጠይቃል። ከአውሮፓ የመጣ 800 ዋት ማሽን ስታዩ «ደካማ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ለእኛ ቤት ዝቅ ያለው ዋት ሌላም ጥቅም አለው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይወስዳል። በዚያ ላይ 2400 ዋት ስትጨምሩ ብሬከሩ ቢወርድ አይፈረድበትም። ሁለቱን በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም።

ያገለገለ ከረጢት አራግፎ መልሶ መጠቀም

ይህን በቃል ብዙ ተናግሬዋለሁ። አሁን ጽፌ ላስቀምጠው።

የወረቀቱም ሆነ ጨርቅ የሚመስለው ሰው ሠራሽ ከረጢት ሲሞላ የሚጣል ነው። ከረጢቱ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ብቻ አይደለም። ዋናው ፊልተር እሱ ነው። ግድግዳው በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ አየር ያሳልፋሉ፣ አቧራ ያስቀራሉ። ስታራግፉት የሚወድቀው ትልልቁ ቆሻሻ ነው፤ ፀጉሩ፣ ፍርፋሪው፣ ክሩ። ቀዳዳዎቹን የደፈነው ደቃቅ ብናኝ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። ከረጢቱ ባዶ ይመስላል፣ ግን ተዘግቷል። ማሽኑን ስታስነሱት ይጮኻል፣ አይስብም። «ጉልበቱ ቀነሰ» ተብሎ ይመጣልናል።

የባሰው ደግሞ የሚጨመርበት ብልሃት ነው። ከኋላው በመቀስ ይቀደድና ከተራገፈ በኋላ በስቴፕለር ይመታል፣ ወይም በፕላስተር ይለጠፋል። ማሽኑ ሲነሳ ስፌቱ ይከፈታል። አቧራው በሙሉ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ልብስ ሰፊ ጋ ሄደው ከአቡጀዲ የሚያሰፉም አሉ። ሐሳቡ ከቁጠባ እንደመጣ ይገባኛል። አቡጀዲ ግን ሽመናው ክፍት ነው፣ ደቃቁን አቧራ አይዝም። አቧራው መጀመሪያ የሞተሩን ፊልተር ይደፍናል። ቀጥሎ ሞተሩ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ቅባቱን ያደርቃል፣ ለሚሽከረከረው የሞተሩ ክፍል መብራት የሚያደርሰውን ካርቦንም ቶሎ ይጨርሳል። አንድ ቀን ማሽኑ እንደ ፉጨት ያለ ቀጭን ድምፅ ማውጣት ይጀምራል። ያ የኩሽኔታ ድምፅ ነው። እዚያ ደረጃ ከደረሰ ከረጢት መቀየር አያድነውም።

አንዲት መምህርት ያመጡልንን ማሽን አስታውሳለሁ። ውጩ ጭረት እንኳ የለውም። ሲከፈት የሞተሩ ጥቅል በአቧራ ተሞልቶ፣ ሽቦው ከላይ ጠቁሯል። የዚያ ሞዴል ሞተር ገበያ ላይ የለም። ማስጠቅለልም ከማሽኑ ዋጋ ጋር የሚመጣጠን አልሆነም። እንዳለ ነው የመለስንላቸው። ሌላው አካሉ አዲስ የሆነ ማሽን እንዲህ ሲሞት ማየት በጣም ያናድደኛል። ምክንያቱ ደግሞ የአንድ ከረጢት ዋጋ ነው!

አምራቹ ራሱ የሚያዘጋጃቸው፣ ከታች የሚከፈቱ የጨርቅ ከረጢቶች ለአንዳንድ ሞዴሎች አሉ። እነሱን መጠቀም ይቻላል። ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ አራግፏቸው። ደቃቅ አቧራ በመያዝ ግን የሚጣለውን አያህሉም።

ከረጢቱ እስኪወጠር አትጠብቁ፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ቀይሩት። ክዳኑ ላይ ያለችው ቀይ ምልክት የምትለካው የአየሩን ግፊት እንጂ የቆሻሻውን ብዛት አይደለም። ስለዚህ ምልክቷን ስታዩ ብሩሹን ከወለሉ አንሱ፣ ጉልበቱን መጨረሻ ላይ አድርጉ። ያኔም ቀይ ከሆነች ግማሽ ከረጢት ቢሆንም እመኗት፤ ወይ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል፣ ወይ ቱቦው ተዘግቷል።

የግንባታ አቧራ

አዲስ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው የመጀመሪያ ቀን ጽዳቱን በቫኪዩም ሊጀምር ይፈልጋል። እባካችሁ አታድርጉት። የጀሶና የሲሚንቶ ብናኝ ከቤት አቧራ በጣም የደቀቀ ነው። አዲስ ከረጢት ገና ጥቂት ሳይይዝ በደቂቃዎች ውስጥ ይደፈናል፤ ከረጢቱን ያመለጠው ደግሞ ሞተሩ ጋ ይደርሳል። ለዚህ ሥራ የተሠራው ትልቁ የወርክሾፕ ማሽን ነው። የፊኒሺንግ ሠራተኞቹ ካላቸው ጨርሰው ከመሄዳቸው በፊት እንዲጠርጉላችሁ ጠይቁ። ከሌላቸው እርጥብ ሰጋቱራ በትናችሁ በመጥረጊያ ጥረጉ፣ ቀጥሎ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። ሰጋቱራው ብናኙን ይዞት ይወጣል። ግድግዳ በተቦረቦረ ቁጥርም ያው ነው፤ መጋረጃ ለመስቀል የወጣች ትንሽ የጀሶ ክምር እንኳ በጨርቅ ብትነሳ ይሻላል።

አመድ፣ ፍምና ቄጠማ

ቡና ተፈልቶ ካለቀ በኋላ ምንጣፍ ላይ የፈሰሰ አመድ በቫኪዩም አይነሳም። ፍም በአመድ ውስጥ ተሸፍኖ ለሰዓታት ይቆያል። አንድ ቤት የዕጣን ማጨሻው ተገልብጦ፣ ቶሎ ለማንሳት ብለው ማሽኑን አስነሱ። የሚሳበው አየር ለፍሙ ወናፍ ሆነለት። ከረጢቱ ተቃጠለ፣ ፊልተሩ ቀለጠ፣ ጭስ በኋላ በኩል ወጣ። ስፒናውን ነቅለው ማሽኑን ግቢ ስላወጡት ቤቱ ተረፈ። የቀዘቀዘውም አመድ ቢሆን እንደ ጀሶ ይደፍናል።

ቄጠማ ሌላው ነው። እንቁጣጣሽና ፋሲካ ባለፉ ማግስት ቱቦ ተዘግቶባቸው የሚመጡ አሉ። ረጅሙ ሣር ቧንቧው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ይጠመጠማል፣ ከኋላ የሚመጣውን ሁሉ ይይዛል። እርጥቡ ደግሞ ከረጢት ውስጥ ይበሰብስና ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ቤቱን ያሸታል። ቄጠማውን በእጅ ሰብስቡ፣ ፈንዲሻውን ጥረጉ፣ የቀረውን ለማሽኑ ተዉለት። ፈሳሽ ነገር በዚህ ማሽን ፈጽሞ አይሳብም።

ከአሜሪካ የመጣን ማሽን ግድግዳ ላይ መሰካት

የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው። የእኛ 220 ነው። ሶኬቱ እንዲገጥም የምትገዟት ትንሽ አዳፕተር ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አትቀይርም። ማሽኑ ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል፣ ይጮኻል፣ ብዙም ሳይቆይ ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ይሠራል ትሉ ይሆናል። ይሠራል። ግን 120 ቮልት ላይ 12 አምፔር የሚወስድ ማሽን 1440 ዋት ነው፤ ለእሱ ቢያንስ 2000 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ከባድ ነው፣ ውድ ነው፣ ከክፍል ክፍል ሊጎተት አይችልም። ቨርጂኒያ ያለች እህታችሁ ልትልክ ካሰበች ከረጢት ትላክ።

ማሽኑን ሳያሳዩ ማሠራት

ይህን የምጽፈው ለቀጣሪዎች ነው። ማሽን ሲበላሽ ጥፋቱ ወዲያው የሚጣለው በቤት ሠራተኛዋ ላይ ነው። እኔ ፊት እየተቆጧት አንገቷን የደፋች ልጅ አይቻለሁ። ማሽኑ ሲከፈት ከተገዛ ጀምሮ ከረጢቱ ተቀይሮ አያውቅም። ከረጢት መግዛት ደግሞ የእሷ ሥራ አልነበረም። መመሪያው በጀርመንኛ ወይም በቻይንኛ ተጽፎ፣ ማንም ሳያሳያት ከየት ታውቃለች? ግማሽ ሰዓት ወስዳችሁ ክዳኑን አብራችሁ ክፈቱ። ከረጢቱ እንዴት እንደሚገባ፣ ቀይዋ ምልክት ምን እንደምትል አሳዩአት። ከዱባይ ወይም ከቤሩት የተመለሰች ከሆነች ግን እናንተ ከእሷ ብትማሩ ይሻላል። ይህን ማሽን ለዓመታት በየቀኑ የያዙ እህቶች ስለ ብሩሽና ስለ ከረጢት የሚያውቁትን ያህል የሚያውቅ ሻጭ ብዙ አላጋጠመኝም።

ማሽኑ በራሱ ሲጠፋ ማብሪያውን መደብደብ

ሞተሩ ሲግል የሚያጠፋው መከላከያ ውስጡ አለው። ስፒናውን ነቅላችሁ አንድ ሰዓት ያህል ተዉት። እስከዚያው የተዘጋውን ቦታ ፈልጉ። ሲቀዘቅዝ ቱቦውን አውጥታችሁ ማሽኑን አስነሱና መዳፋችሁን ቱቦው የሚገባበት ቀዳዳ ላይ አድርጉ። በኃይል ከሳበ ችግሩ ቱቦው፣ ቧንቧው ወይም ብሩሹ ውስጥ ነው። ደካማ ከሆነ ከረጢቱን ወይም ፊልተሩን እዩ። ቱቦ ውስጥ ሽቦ እየከተቱ አትጎርጉሩ፤ ይቀደዳል። የቱቦውን የእጅ መያዣ በኩል ማሽኑ ቀዳዳ ላይ ይዛችሁ በተቃራኒው ብታስስቡት ብዙ ጊዜ ይወጣል።

አጫጭሮቹን ልለፍባቸው። ብሩሹ ላይ ያለችውን ፔዳል ለሴራሚክና ለፓርኬ ፀጉሩ ወደ ታች እንዲወጣ፣ ለምንጣፍ እንዲገባ አድርጓት። ብሩሹን ቀስ ብላችሁ ግፉ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ የሚያጸዳው አየሩ ነው፣ ጊዜ ስጡት። ገመዱን ቢጫው ምልክት እስኪታይ አውጡ፣ ቀዩን አታሳልፉ። ተጠቅልሎ ውስጥ የቀረ ገመድ ይግላል። ስፖንጁን ፊልተር ካጠባችሁ ሙሉ ለሙሉ ሳይደርቅ አትመልሱት። ከኋላ ያለውን የወረቀት ፊልተር ግን ይታጠባል የሚል ካልተጻፈበት አትጠቡት፤ ቀይሩት። መብራት ሲሄድ ማብሪያውን አጥፉ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሆዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ 220–240 ቮልት ማለት አለበት። አስነስታችሁ ቢያንስ አምስት ደቂቃ አቆዩት። ከኋላ በሚወጣው አየር ውስጥ የተቃጠለ ነገር የሚሸት ከሆነ ወይም ያ ፉጨት ካለ ተዉት። ከዚያ ከረጢቱን አውጡና የሞተሩን ፊልተር እዩ። ፊልተሩ ጠቁሮ ከሆነ፣ ወይም ጨርሶ ከሌለ፣ ማሽኑ አቧራ ሲበላ ኖሯል። ሻጩ ክዳኑን ለመክፈት ካመነታም አትግዙት።