ለክፍል መምህራን፦ የአንደኛ ደረጃ ክፍልን በማኅበራዊ ሚዲያ ከወላጆች ጋር ማገናኘት

ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጅ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ «ምንም» ብሎ ይመልሳል። መዋሸቱ አይደለም፤ ጥያቄው እጅግ ሰፊ ስለሆነበት ከቀኑ ውሎ የትኛውን መዝዞ እንደሚያወራ ይቸግረዋል። ወላጁ «ጥጥ ላይ ያስቀመጣችሁት ባቄላ ሥር አወጣ ወይ?» ብሎ ቢጠይቀው ግን ወሬው በቀላሉ አያልቅም። በእኔ እምነት የክፍል መምህር በማኅበራዊ ሚዲያ ከወላጆች ጋር የሚገናኝበት ዋናው ምክንያት ወላጁን እንዲህ ያለ ጥያቄ ለማስታጠቅ ነው። ማስታወቂያ ማስተላለፉም ይጠቅማል፤ ለማስታወቂያ ብቻ ከሆነ ግን በልጁ እጅ የሚላክ ደብዳቤም ይበቃ ነበር።

ከሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። መምህሩ የለጠፈው ጽሑፍ ወይም ፎቶግራፍ ቅሬታ ባስነሣ ጊዜ ትምህርት ቤቱም አብሮ ስለሚጠየቅ ርዕሰ መምህሩ ጉዳዩን አውቀው ሊስማሙበት ይገባል። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ተፈርሞ የሚመለስ አጭር ቅጽ ይላካል። ቅጹ መልእክቱ በየትኛው ስልክ ቁጥር እንደሚደርሳቸው፣ የልጃቸው ሥራ ያለ ስም እንዲለጠፍ ይፈቅዱ እንደሆነ፣ የልጁ ምስል ወይም ድምፅ እንዲወጣ ይፈቅዱ እንደሆነ ለየብቻ ይጠይቅ። ሁሉንም በአንድ «እስማማለሁ» ጠቅልሎ ማስፈረም ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የልጁን ፎቶ ማውጣት የማይፈልግ ወላጅ መልእክቱንም አብሮ እንዲያጣ ያደርገዋል። ፈቃዱን በፈለጉ ጊዜ ማንሣት እንደሚችሉም በግልጽ ይጻፍበት። ወላጆች አብረው የማይኖሩ ከሆነ መልእክቱ ለማን ለማን መድረስ እንዳለበት መምህሩ ከመገመት ይልቅ እዚያው ቅጹ ላይ ቢጠይቅ ይሻላል።

መሣሪያውን በሚመለከት፣ አዲስ መተግበሪያ ጫኑ ብሎ ወላጆችን ከማስቸገር አብዛኞቹ አስቀድመው የሚጠቀሙበትን መምረጥ ያዋጣል። ይሁንና ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና ፌስቡክ አንድ ዓይነት አይደሉም። በዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ አባላት አንዱ የሌላውን ስልክ ቁጥር ያያሉ፤ ይህን የማይወድ ወላጅ ሊኖር ስለሚችል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። በቴሌግራም ቻናል ግን ተመዝጋቢዎች እርስ በርሳቸው አይተያዩም፤ የሚለጥፈውም አድሚኑ፣ ማለትም ቻናሉን የሚያስተዳድረው ሰው፣ ብቻ ነው። ስለዚህ ለአንድ ክፍል የግል ቻናል፣ ማለትም በፍለጋ የማይገኝና በሊንክ ብቻ የሚገባበት ቻናል፣ ከሁሉም የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሊንኩ ሲዘጋጅ «አድሚን ሳይፈቅድ አይገባም» የሚለው ምርጫ ይብራ፤ ከዚያም መምህሩ የሚገባውን ሰው ሁሉ ከተመለሱት ቅጾች ጋር እያመሳከረ ያስገባል። ሊንኩ ወደማይገባው ሰው መተላለፉ ከታወቀ ወዲያውኑ ተሰርዞ ሌላ ይወጣለታል። የሚመረጠው ዋትስአፕ ከሆነም ግሩፑ አድሚኖች ብቻ እንዲጽፉበት ተደርጎ መስተካከል አለበት። ፌስቡክ ላይ ደግሞ ክፍት ገጽ ለአንድ ክፍል አይመከርም፤ የግል ግሩፕ ብቻ ነው የሚሆነው።

ወላጆች እንዳይጽፉ መከልከሉ ክፉ ሊመስል ይችላል። እኔም እንዲያ ስለመሰለኝ በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም የሚጽፍበት ግሩፕ ከፈትሁ። አንድ ምሽት አንዲት እናት የቤት ሥራው ገጽ ስንት እንደሆነ ጠየቁ፤ ሁለት አባቶች ሁለት የተለያየ ገጽ ነገሯቸው፤ ሌላው የቤት ሥራው በዛ ብለው አማረሩ፤ አራተኛው «እንዲያውም ይጨመር» አሉ። እኔ ተኝቼ ነበር። ጠዋት ስልኬን ስከፍት 94 መልእክት ጠበቀኝ፤ ከመካከላቸው አንዱ የአንድን ልጅ ስም ጠርቶ ክፍሉን ወደ ኋላ የሚጎትተው እሱ ነው የሚል ነበር። የዚያ ልጅ እናት እዚያው ግሩፕ ውስጥ ነበሩ፤ መልእክቱንም ከእኔ ቀድመው አይተውታል። መልእክቱን አጠፋሁት፤ ያዩትን ግን ማጥፋት አልቻልሁም። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የሚሆነው በቻናሉ ይወጣል፤ ወላጅ የሚለው ነገር ሲኖረው ለእኔ በግል ይጽፍልኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ምን ይለጠፍ? «ዛሬ ስለ ማካፈል ተምረናል፤ የቤት ሥራውን አሠሩ» የሚል መልእክት ትክክል ቢሆንም ለወላጁ የሚጨብጠው ነገር አይሰጠውም። የሚከተለው ግን ይሰጠዋል፦

«ዛሬ 17 እርሳስ ለ5 ልጆች አካፍለን 2 ተረፈን። የተረፈውን ምን እናድርገው በሚለው ላይ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ፤ ልጅዎ የትኛው ወገን እንደነበረ ይጠይቁት። ማታ 13 ማንኪያ ሰጥተው ለ4 ሰው እንዲያካፍል ያድርጉት፤ መልሱን አይንገሩት። የቤት ሥራ፦ ገጽ 42፣ ከ1 እስከ 5።»

መልእክቱ በክፍል የሆነውን አንድ ነገር ብቻ ይዟል፤ ልጁን የሚያናግር ጥያቄ አለው፤ ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ የሚሠራ ሥራም ይሰጣል። የማሞገሻና የምረቃ ቃል ቢጨመርበት ይረዝማል እንጂ አይሻሻልም። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከበቂ በላይ ነው፤ በየቀኑ የሚለጥፍ መምህር እሱም ይሰለቻል፣ ወላጁም ኖቲፊኬሽኑን ይዘጋዋል። የሚለጠፍበት ሰዓት ከልጆቹ መውጫ ብዙ ያልራቀ ይሁን፤ ልጁ ከተኛ በኋላ የደረሰ ጥያቄ ለማን ይቀርባል? ቴሌግራም ላይ መልእክቱን በዕረፍት ሰዓት ጽፎ በተወሰነ ሰዓት እንዲወጣ ማዘዝ ስለሚቻል ይህ አያስቸግርም። የፈተና ቀንን የመሰለ ቋሚ ማስታወቂያ ፒን ተደርጎ ከላይ ይቀመጥ።

ማንበብ የሚቸገሩ ወይም የትምህርቱን ቋንቋ በንግግር ብቻ የሚያውቁ ወላጆች እንዳሉ መዘንጋት የለበትም። ያንኑ መልእክት ከግማሽ ደቂቃ ባልበለጠ የድምፅ ቅጂ ማስከተል ለእነርሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ሲነዱ ወይም ሥራ ላይ ሆነው ለሚያዳምጡትም ይመቻል። ረጅም ቪዲዮ ግን ዳታ ይበላል፤ አንድ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ፎቶግራፍን በተመለከተ እጅንና ሥራን ማንሣት ፊትን ከማንሣት ይሻላል። ባቄላውን የያዙ አምስት ትንንሽ እጆች ስለ ክፍሉ ብዙ ይናገራሉ፤ የማንንም ማንነት ግን አይገልጹም። ከመለጠፉ በፊት ምስሉን በጣት አስፍቶ ከኋላ ያለውን መመልከት ይገባል፦ ግድግዳው ላይ የውጤት ዝርዝር አለ? ደብተሩ ላይ ስም ተጽፏል? ከዳር የቆመው ልጅ ወላጁ ያልፈቀደለት ነው? ደግሞም ምስሉ በፋይል መልክ ከተላከ የተነሣበት ቦታና ሰዓት አብሮት ሊሄድ ስለሚችል በተለመደው የፎቶ መላኪያ መላክ ነው። ቴሌግራም ይዘት እንዳይቀመጥና ወደ ሌላ እንዳይተላለፍ መከልከያ አለው፤ ይብራ፤ ነገር ግን በሌላ ስልክ ማያውን ፎቶ ከማንሣት የሚያግድ ስላልሆነ አይታመኑበት።

የአንድ ልጅ ውጤት፣ ጠባይ፣ ሕመም፣ ያልተከፈለ ክፍያ በቻናሉ ላይ በፍጹም አይነሣም፤ በሙገሳ መልክም ቢሆን። «ከክፍሉ አንደኛ የወጣው እገሌ ነው» ማለት ለአንዱ ደስታ ቢሆንም ለቀሩት ወላጆች የሚናገረው ሌላ ነው። በግል በሚደረግ ጽሑፍም ቢሆን ከበድ ያለ ጉዳይ በስልክ ይደወልበት ወይም ወላጁ ትምህርት ቤት ይጠሩ፤ የተጻፈ ቃል የድምፅን ለዛ ስለማይዝ መምህሩ በቅንነት የጻፈው በቁጣ ሊነበብ ይችላል። በግል ለሚጻፍ መልእክት የሚመለስበት ሰዓትም በመጀመሪያው ሳምንት ይነገር፤ መምህሩ ራሱም ይጠብቀው። አንድ ጊዜ በእኩለ ሌሊት የመለሰ መምህር ከዚያ በኋላ በእኩለ ሌሊት ይጠበቃል።

የቻናሉ አባላት አዋቂዎች ብቻ ናቸው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ተጠቃሚያቸው ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች አብዛኞቹ ደግሞ ከዚያ በታች ናቸው። ልጁ በራሱ ስልክ እንዲገባ የሚጠይቅ ወላጅ ቢመጣ በትሕትና እምቢ ማለት ነው።

ስማርት ስልክ የሌለው ወላጅ ካለ፣ አንድ እንኳ ቢሆን፣ በስልክ ብቻ የሚተላለፍ ነገር መኖር የለበትም። ለቻናሉ የተጻፈው በእጅ ወይም በኅትመት ወደ ልጁ የመገናኛ ደብተር ይገልበጥ። ልጁ ወረቀቱ የደረሰው ስልክ ስለሌላቸው መሆኑ እንዳይታወቅበት እኔ ለክፍሉ በሙሉ አድላለሁ፤ ወረቀቱ ትንሽ ይባክናል።

ምክትል አድሚን ሆኖ ሌላ መምህር ይመዝገብ፤ የቻናሉ ባለቤት ስልኩ ቢጠፋበት ወይም ቢታመም ሥራው እንዳይቋረጥ። መለያውም በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከሚላከው ኮድ ሌላ የይለፍ ቃል በሚጠይቀው፣ ይቆለፍ። ዓመቱ ሲያበቃ ለመጪው ክፍል ያንኑ ቻናል ማስረከብ ልክ አይደለም፤ አዲስ ገቢ ወላጅ የቀደሙትን ልጆች ፎቶ ወደ ኋላ ሄዶ እንዳያይ አሮጌው ይዘጋል። ወላጆች የሚፈልጉትን የልጃቸውን ሥራ እንዲያስቀምጡ የይዘት ክልከላው ለሁለት ሳምንት ተነሥቶ ቀኑ ይነገራቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ቻናሉ ይጠፋል፤ በመምህሩ ስልክ ላይ የቀሩት ፎቶዎችም እንዲሁ።